ደባሉ ሲወጣ ኪራዩን ማን ይክፈል?

ልጁን ከጋዘር፣ ከቀይ አፈር ወይም ከዲመካ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ጂንካ የላከ ወላጅ ይህን ነገር ያውቀዋል። ኪራዩ ለአንድ ሰው ሲከብድ ልጁ ጓደኛውን በደባልነት ያስገባል። “ግማሽ በግማሽ እንከፍላለን” ይባባላሉ፤ ወረቀት የለም። አንድ ቀን ደባሉ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። አከራይዋ ግን በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ይጠይቃሉ። ያኔ ስልክ የሚደወለው ለእናት፣ አንዳንዴም በጡረታ ለሚኖሩት አያት ነው።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት ከአከራይዋ ጋር የተስማማው ማን እንደሆነ ነው። የተስማማው ልጅዎ ብቻ ከሆነ፣ ደባሉ ስለሄደ ኪራዩ አይቀንስለትም። ሁለቱም አብረው ተስማምተው ከሆነም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 ሌላ ስምምነት ከሌለ አብረው ባለዕዳ የሆኑትን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋቸዋል። አከራይዋ ሙሉውን ከአንዳቸው መጠየቅ ይችላሉ ማለት ነው።

ደባሉም ቢሆን ነፃ አልወጣም። በዚሁ ሕግ መሠረት በቃል የተደረገ ስምምነትም ሊጸና ይችላል። 3,000 ብር በሚከራይ ክፍል ሁለት ወር ኖሮ ድርሻውን ሳይከፍል ከወጣ፣ ልጅዎ 3,000 ብር ሊጠይቀው ይችላል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የተላከ ገንዘብ፣ የስልክ መልእክት፣ ሲስማሙ የሰማ ጎረቤት ይረዳሉ። ከወጣ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ቀድሞ የተባለ ነገር ከሌለ ጭቅጭቁ ከባድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች በአከራይና በተከራይ መካከል ያለው ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። በከተማችሁ እንዴት እንደሚሠራበት የከተማውን አስተዳደር ጠይቁ።

በነርስነት ስንሠራ ተረኛ ለተረኛ በሽተኛ የሚያስረክበው በጽሑፍ ነበር። ደባሎችም አንድ ገጽ ይበቃቸዋል፦ የሁለቱ ስም፣ የየድርሻቸው ብር፣ መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል፣ የሚወጣው ከስንት ቀን በፊት እንደሚያስታውቅ፣ ቀን፣ ፊርማና ሁለት ምስክር። ደባሉ ሳይከፍል ከሄደም ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ወላጆቹን አግኝቶ በሽማግሌ መነጋገር ይቀድማል።

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይባላል። ልጅዎ ደባል ከማስገባቱ በፊት ይህን ይንገሩት።