የስንዴ ዛላ ያለጊዜው ሲነጣ፤ ከፈንገሱ ሴል እስከ ጎተራ

ማሳው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ አንዳንድ የስንዴ ዛላዎች ወይም የዛላው ግማሽ አካል ብቻ ነጥቶ ከታየ፣ ሰብሉ ቀድሞ የደረሰ ወይም ዝናብ ያጠረው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ የሚያስከትለው የዛላ በሽታ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በሽታው በሀገራችን ደቡብ ምዕራብ ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ከዋግ የሚለየው ምርት ከመቀነስ አልፎ በፍሬው ውስጥ መርዝ የሚተው በመሆኑ ነው።

ፈንገሱ ከአንዱ የምርት ዘመን ወደ ሌላው የሚሻገረው በማሳ ላይ በሚቀር የስንዴና የበቆሎ ገለባና አገዳ ላይ ነው። ዘሩ በነፋስና በዝናብ ፍንጣቂ ወደ ዛላው ይደርሳል። ስንዴው በሚያብብበት ወቅት ለሁለትና ሦስት ቀናት የቆየ እርጥበት ካገኘ በአበባው በኩል ይገባል።

በሴሉ ውስጥ ያለው መጓጓዣ

የፈንገሱ አካል ክር መሰል ሲሆን የሚያድገው በጫፉ ነው። በሴሉ ውስጥ የሚሠሩት ፕሮቲኖች በጥቃቅን ከረጢቶች ተጭነው ወደሚፈለጉበት ቦታ ይጓጓዛሉ። የተክሉን የሴል ግድግዳ የሚያፈርሱት ፕሮቲኖች ከፈንገሱ የሚወጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ዲኦክሲኒቫሌኖል የተባለው መርዝ የሚዘጋጀውም በዘፈቀደ አይደለም። መርዙን የሚሠሩ ፕሮቲኖች ተመራማሪዎች ቶክሲሶም ብለው በሚጠሩት የሴሉ ክፍል ይሰባሰባሉ። መጓጓዣውን የሚመሩ ፕሮቲኖች በቤተ ሙከራ እንዲጠፉ ሲደረግ የፈንገሱ እድገት ይዳከማል፤ የሚያመርተው መርዝ ይቀንሳል፤ ስንዴን የማጥቃት አቅሙም ይወርዳል።

መርዙ ለፈንገሱ መሣሪያው ነው። መርዙን ማምረት የማይችል ፈንገስ አንዷን አበባ ቢያጠቃም የዛላውን አከርካሪ አልፎ ወደ ሌሎቹ መዛመት ይሳነዋል።

ይህ እውቀት ከማሳ ሥራም ጋር ይገናኛል። በቻይና ፌናማክሪል የተባለ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል በሥራ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚያግደው በሴሉ ውስጥ ባለው የመጓጓዣ ሥራ የሚሳተፈውን ማዮሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይኸው ፕሮቲን ለቶክሲሶም መፈጠር አስፈላጊ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም በፕሮቲኑ ላይ በሚፈጠር ትንሽ ለውጥ ፈንገሱ ኬሚካሉን ሊቋቋም ስለሚችል፣ በአንድ ኬሚካል ላይ ብቻ መተማመን አያዋጣም።

ርጭቱ መቼ?

ዛላው ነጥቶ ሲታይ ፈንገሱ ገብቶ መርዙን ማምረት ከጀመረ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ መርጨት ወጪ ከማብዛት በቀር የረባ ጥቅም የለውም። ውጤት የሚገኘው ቢጫዎቹ የአበባ ክፍሎች በዛላው ላይ ብቅ ማለት ከጀመሩበት አንስቶ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቅጠልን ከዋግ ለመከላከል ቀደም ብሎ የተረጨ ኬሚካል በኋላ የሚወጣውን ዛላ አይሸፍንም።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ፈቃድ ያለውን ኬሚካል ማቅረብ ያለባቸው የበሽታ ሪፖርት ከመጣ በኋላ ሳይሆን፣ ስንዴው ከማበቡ በፊት ነው። የዝናብ ትንበያውን ከየቀበሌው የአበባ ጊዜ ጋር ማገናዘብም ያስፈልጋል። የምርጫው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ቴቡኮናዞልና ፕሮቲዮኮናዞልን የመሳሰሉት ለዚህ በሽታ የሚመከሩ ሲሆን፣ ስትሮቢሉሪን የሚባሉት ግን ዛላ ከወጣ በኋላ ሲረጩ መርዙን ሊያባብሱ ይችላሉ።

ከማሳ እስከ ጎተራ

ስንዴን ከበቆሎ ቀጥሎ ከመዝራት ይልቅ ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከኑግ ጋር ማፈራረቅ፣ የሰብል ቅሪትንም በእርሻ መቅበር የፈንገሱን መነሻ ይቀንሳል። የተጠቃ ፍሬ የተጨማደደ፣ ኖራ የተቀባ የሚመስልና ቀላል በመሆኑ በማዝራት ጊዜ አብዛኛውን መለየት ይቻላል። ምርቱ በሚገባ ደርቆ ወደ ጎተራ መግባት አለበት።

የተለየው ፍሬ ተፈጭቶ ለቤተሰብ፣ በተለይም ለሕፃናት መቅረብ የለበትም፤ ለዘርም አይሆንም። መርዙ ሙቀትን ስለሚቋቋም በመጋገርና በመቀቀል አይጠፋም። ማስታወክ ያስከትላል፤ እንስሳትም መኖ እንዲጠሉ ያደርጋል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለተጨማሪ ዝግጅት በሚውል ስንዴ የሚፈቅደው በ1 ኪሎ ግራም ከ2 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ነው። ይህም በ1 ኩንታል 0.2 ግራም ማለት ነው። በእህል ለተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ገደቡ ወደ 0.2 ሚሊ ግራም በኪሎ ይወርዳል።

ይህን ያህል ጥቂት መርዝ በዓይን አይታይም። መከላከያው ያለው አበባው ሳያልፍ በሚደረገው ክትትልና በአውድማ ላይ በሚደረገው ጥንቃቄ ነው።