ዋንጫ ያነሳው መንግሥቱ ሊቢያም አድርሶን ነበር

ፈረንሳዊው ዲዲየር ዴሾ እ.ኤ.አ. በ1998 በአምበልነት፣ በ2018 ደግሞ በአሰልጣኝነት የዓለም ዋንጫን ሲያነሳ ስንቶቻችን «ወይ መታደል!» ብለናል። ከእሱ በፊት በሁለቱም መንገድ ዋንጫውን የበሉት ብራዚላዊው ዛጋሎና ጀርመናዊው ቤከንባወር ብቻ ነበሩ። በአፍሪካ ዋንጫም ግብፃዊው ማህሙድ ኤል ጎሃሪና ናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ይህንኑ አሳክተዋል።

የኛስ ሰው ማነው? የጎንደር ተወላጁ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ለዚህ ክብር ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባቸው። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መንግሥቱ አራተኛዋን ጨመረና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። እሱም በሦስት ጎሎች ከግብፁ ባዳዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ዋንጫዋ እስከ ዛሬ ብቸኛችን ናት።

ከ20 ዓመት በኋላ መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዞ ሊቢያ ገባ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ወጣ። ጎል ሳያገባ መመለሱን እያነሱ የሚያጣጥሉት አይጠፉም። ግን ነገሩን በደንብ እንየው። ያኔ ውድድሩ ላይ የሚሳተፉት ስምንት አገሮች ብቻ ነበሩ። አዘጋጇ ሊቢያና የወቅቱ ሻምፒዮን ናይጄሪያ በቀጥታ ስለገቡ ለቀሩት የተተወው ስድስት ቦታ ነው። ጎል አላስገባ ያልናት አልጄሪያ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ጉድ ሠራቻት! ታዲያ ይሄ ውርደት ነው?

የመንግሥቱን ሥራ ክብደት ያሳየን ከዚያ በኋላ የመጣው ድርቅ ነው። ተመልሰን የአፍሪካ ዋንጫን የረገጥነው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2013 በሰውነት ቢሻው ዘመን ነው፤ ያውም ተሳታፊው 16 ከደረሰ በኋላ። በምድቡ 2 ለ 0 ያሸነፈን የናይጄሪያ ቡድን አሰልጣኝም ኬሺ ነበር፤ በዚያው ውድድር ዋንጫውን በልቶ ድርብ ታሪኩን ሞላ።

መንግሥቱ ግን ያንን ቀን አላየውም። ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ከመግባታቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ታህሳስ 2010 ላይ አርፏል። ከጎረቤላ እስከ ጎንደር ስለ ዴሾ የሚከራከረው የኳስ ወዳጅ ስለ መንግሥቱም ቢከራከር ምን አለበት?