የሚጥል በሽታ በመርካቶ

በመርካቶ ግርግር መሐል ሰው ድንገት ሲወድቅ ክብሪት የሚጭር አይጠፋም። ጢሱ ያነቃዋል ይባላል። ክብሪቱ ግን ምንም አያደርግም፤ አብዛኛው መንቀጥቀጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚያልፍ ብቻ ያዳነ ይመስላል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚግባቡበት የኤሌክትሪክ ምልክት ሲዛባ አንዱ ወድቆ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ለሰከንዶች ፈዝዞ ይመለሳል። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት አደጋ፣ ዘርም ያመጡታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይገኝም። በአፍ አረፋ አይተላለፍም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው እጁን የሚሰበስበው ይጋባብኛል ብሎ ነውና።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አገኙ። ከታማሚዎቹ ተገቢውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ የመርካቶ ነጋዴ የመጣው ከዚያው ከጉራጌ አገር ነው።

ሕክምናው ዛሬ ሩቅ አይደለም። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል መርካቶ ባለበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ነገር ግን ስሙ ከአእምሮ ሕመም ጋር ስለተያያዘ ደጁን መርገጥ የሚያፍር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ይህ እፍረት ዓመታት ያስከፍላል። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚታወቀው ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ትልቁ አደጋ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ይጥላል፣ የተሻለው ደግሞ ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል፤ በድንገት ማቆም ግን የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ጸበሉንና ኪኒኑን አብሮ መያዝ ይቻላል። ጿሚም፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ቫልፕሮኤት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል።

እሳትና ከፍታ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ጠላቶች ናቸው። በመርካቶው ምናለሽ ተራ ብየዳ ላይ የሚሠራ ወይም መሰላል ላይ ወጥቶ ዕቃ የሚያወርድ ልጅ መንቀጥቀጡ በቁጥጥር ሥር እስኪውል ድረስ ሌላ ሥራ ይሰጠው። ቤት ውስጥ ክፍት እሳት አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ።

ታማሚው ሲወድቅ ስለታምና ትኩስ ነገር አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አትጫኑት፤ ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አታስገቡ። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፤ በደንብ ሳይነቃ ውኃ አታጠጡት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከተደገመ፣ ከተጎዳ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ወደቀ ብሎ ሠራተኛውን የሚያባርር ባለሱቅ ሌሎቹን መደበቅ ያስተምራቸዋል። ሕመሙን የደበቀ ሰው ደግሞ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግለት የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አይኖርም።