የኒውክሌር ማብላያ በሌጎ ጡብ

ኒውክሌር የሚለው ቃል በእኛ ጨዋታ መሀል ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንደኛው ወገን ሂሮሺማንና ቼርኖቢልን ጠርቶ «እግዜር ያውጣን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ ደረቱን ይነፋል። በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ሞስኮ ላይ የሥራ ዕቅድ ከተፈራረሙ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሁለቱም ወገን ችግር ግን አንድ ነው፤ ዕቃው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሳያዩ ይፈርዳሉ።

ስለዚህ ዛሬ ዕቃውን ከፍተን እንየው። የሚያስፈልገን ነገር በየቤታችን ምንጣፍ ላይ ተበትኖ ይገኛል። በሌሊት ውሃ ለመጠጣት ተነስቶ በባዶ እግሩ የረገጠው ሁሉ የሚያውቀው ሌጎ ነው። እኔም ለልጆቼ ያስረዳሁት በዚሁ ነው።

የምንሠራው ትልቁን የኃይል ማመንጫ ሳይሆን ትንሹን የምርምር ሪአክተር ነው። ስሙ ትሪጋ ይባላል። በ1956 ክረምት ሳንዲዬጎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄኔራል አቶሚክስ በተባለው ኩባንያ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ያሰቡት ነው። ከእነሱ መካከል ኤድዋርድ ቴለርና ፍሪማን ዳይሰን ይገኙበታል። ቴለር ያቀረበው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢነካኩት እንኳ የማይጎዳቸው ሪአክተር ይሠራ አለ። የመጀመሪያው ትሪጋ በ1958 ሥራ ጀመረ። ቪየና ያለው ከ1962 ጀምሮ ይሠራል። ፖርትላንድ ኦሬገን የምትኖሩ ደግሞ በከተማችሁ በሪድ ኮሌጅ ከ1968 ጀምሮ የሚሠራ አለላችሁ፤ የሚያንቀሳቅሱትም በአብዛኛው ፈቃድ ያወጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ግንባታው። በግራጫ ጡብ ከላይ ክፍት የሆነ ጉድጓድ ሥሩ። ይህ የኮንክሪት ገንዳው ነው፤ እውነተኛው ከ6 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከታች በመሀሉ ቢጫ ክብ ጡቦችን እየደራረባችሁ እንደ ጧፍ የቆሙ ዘንጎች ትከሉ። እነዚህ ነዳጅ ናቸው። እውነተኛው ዘንግ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ቁመቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 80 ያህሉ አንድ ላይ ይቆማሉ። በውስጣቸው ያለው ዩራኒየም 235 ተደምሮ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ዙሪያውን በጥቁር ጡብ ክበቡ፤ ይህ የሚያመልጡ ኒውትሮኖችን ወደ ውስጥ የሚመልስ ግራፋይት ነው። በቢጫዎቹ መሀል ከላይ ወደ ታች የሚገቡ ሦስት ቀይ ዘንጎች አስገቡ። ቀዩ ውስጥ ቦሮን አለ፤ ቦሮን ኒውትሮን ይውጣል። የቀረውን ቦታ ሁሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ሰማያዊ ጡብ ሙሉት፤ ውሃ ነው። የቀለሙ ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። ሪአክተሩ ሲሠራ ውሃው በእርግጥ ሰማያዊ ያበራል፤ ምክንያቱም ብርሃን በውሃ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች እዚያው ውሃ ውስጥ ከዚያ ይፈጥናሉ።

አሁን ጨዋታው። ትንንሽ ነጭ ጡቦች ኒውትሮኖች ናቸው። አንድ ኒውትሮን ዩራኒየም 235ን ሲሰነጥቅ ሙቀት ይወጣል፤ በተጨማሪም በአማካይ 2.4 ያህል አዳዲስ ኒውትሮኖች ይወለዳሉ። በ12 ነጮች ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ነጭ ዳይስ ጣሉ። ቀዮቹ ዘንጎች ከገቡ፣ 1 ወይም 2 ሲወጣ ብቻ አንድ ቢጫ ተሰነጠቀ በሉ። ቀዮቹ ከወጡ 1፣ 2 ወይም 3 ሲወጣ ተሰነጠቀ ይባላል። ሌላው ሁሉ አምልጧል፣ ወይም ተውጧል። ለእያንዳንዱ ስንጥቅ ሳንቲም ወርውሩ፤ ዘውድ ከሆነ 2፣ ጎፈር ከሆነ 3 አዲስ ነጭ ስጡ። አሮጌዎቹን አንሱ፤ አንድ ዙር አለቀ።

ሒሳቡን እንየው። ቀዮቹ ሲገቡ ከ3 ነጮች አንዱ ብቻ ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ በአማካይ 2.5 ይወልዳል፤ ስለዚህ አንዱ ነጭ በሚቀጥለው ዙር 0.83 ይሆናል። ጨዋታው እየደከመ ይሞታል። ቀዮቹ ሲወጡ 1.25 ይሆናል፤ ምንጣፉ በነጭ ይሞላል። አንዱን ዙር አስገብታችሁ ሌላውን ብታወጡ ግን ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል። የሪአክተር ኦፕሬተር ሙያ በሙሉ በዚህች 1 ዙሪያ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም ይጠራቀማል፤ 1.01 ከ100 ዙር በኋላ 2.7 እጥፍ ያደርሳል፣ 0.99 ደግሞ ወደ 0.37 ያወርዳል።

እዚህ ላይ ልጄ «አንዱ ዙር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። መሐንዲስ የሚፈልገው ጥያቄ ነው። አንዱ ዙር ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ በእጅጉ ያነሰ ነው። ታዲያ የሰው እጅ እንዴት ይደርስበታል? የሚያድነን ከ1000 ኒውትሮኖች 7 ያህሉ እንደ ሐበሻ ቀጠሮ ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ከስንጥቁ ጋር አብረው አይወጡም፤ ከስባሪዎቹ ውስጥ ከሴኮንድ ክፍልፋይ እስከ ደቂቃና ከዚያም በላይ ቆይተው ይወጣሉ። ሪአክተሩ ያለ እነሱ 1 እንዳይሞላ ተደርጎ ስለሚያዝ፣ መላው ሰንሰለት የዘገዩትን ይጠብቃል። ኦፕሬተሩም ዘንጉን በእርጋታ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ጊዜ ያገኛል።

ሆኖም አንድ ሰው ቀዮቹን በድንገት መዞ ቢያወጣስ? የትሪጋ ብልሃት እዚህ ነው ያለው። ኒውትሮን ሲወለድ በሴኮንድ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ በደንብ የሚሰነጥቀው ግን ወደ 2 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ነው። የሚያቀዘቅዘው ሃይድሮጅን ነው። ብይ ተጫውታችሁ ካደጋችሁ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ብይ ከእኩያው ብይ ሲጋጭ ፍጥነቱን ያካፍላል፣ ከግድግዳ ሲጋጭ ግን ነጥሮ ይመለሳል። የሃይድሮጅን አቶም እምብርት ክብደቱ ከኒውትሮን ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። በትሪጋ ውስጥ ሃይድሮጅን በውሃው ብቻ ሳይሆን ከዚርኮኒየም ጋር ተዋህዶ በራሱ በነዳጁ ውስጥም አለ። ነዳጁ ሲግል ይህ ሃይድሮጅን ይንቀጠቀጣል፤ ኒውትሮኑን ማቀዝቀዙ ቀርቶ መልሶ ያፈጥነዋል። የፈጠነው ሳይሰነጥቅ ያመልጣል፤ ሂደቱም ወዲያው ይዳከማል። ውሃው እስኪሞቅ፣ ማንቂያው እስኪጮህ፣ ሰው እስኪነቃ አይጠበቅም።

ይህንን በሌጎው ለማሳየት አንድ ሕግ ጨምሩ፤ በአንድ ዙር የተሰነጠቁት ከ10 ከበለጡ፣ ቀዮቹ ወጥተውም ቢሆን በሚቀጥለው ዙር የሚቆጠሩት 1 እና 2 ብቻ ናቸው። ከዚያ ልጆቹን «እስቲ አፈንዱት» በሏቸው። ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በቪየናው ትሪጋ ይህ ሆን ተብሎ ይደረጋል፤ ኃይሉ ከተለመደው 250 ኪሎዋት ወደ 250 ሜጋዋት፣ ማለትም 1000 እጥፍ ይዘልና ዓይን ከመጥቀስ ባነሰ ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

250 ኪሎዋት ስንት ነው? 70 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢጣድ ነው። ይህ ሙቀት መብራት አያመነጭም። የሚፈለገው ኒውትሮኑ ነው፤ ተማሪ ይሠለጥንበታል፣ በአፈርና በማዕድን ናሙና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ይለካበታል፣ ለምርምር የሚሆኑ አይሶቶፖች ይሠሩበታል።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን ያስፈራል?» ሊል ይችላል። ሌጎው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ጡቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ሪአክተር ግን ሲዘጋ አይቀዘቅዝም። የተሰነጠቀው ስባሪ ራሱ መሞቁን ይቀጥላል፤ እንደ ተዳፈነ ፍም ነው። እንደ ተዘጋ የሚቀረው ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ 6 ከመቶ ያህል ነው። ለትሪጋ ይህ ከአራትና አምስት ምጣድ አይበልጥም፤ የገንዳው ውሃ ዝም ብሎ ይችለዋል። 1000 ሜጋዋት መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ግን ውስጡ 3000 ሜጋዋት ሙቀት አለ፤ 6 ከመቶው 180 ሜጋዋት ይሆናል። ከግልገል ጊቤ አንድ ጣቢያ 184 ሜጋዋት ጋር የሚስተካከል ሙቀት፣ «ተዘግቷል» ከተባለው ዕቃ ይወጣል ማለት ነው። ሙቀቱ ቶሎ ይቀንሳል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ማቋረጥ መቀዝቀዝ አለበት። በ2011 ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ሲሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች በአግባቡ ተዘግተው ነበር፤ ሱናሚው ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ሲቆርጥ ነው ነዳጁ የቀለጠው።

ሌጎው ሌላም የማያሳየው ነገር አለ፤ ጥበቃና ሰው። በአፍሪካ የመጀመሪያው ሪአክተር ትሪጋ ነበር፤ በ1959 ኪንሻሳ ላይ ተተከለ። በ1972 ሁለተኛው ተጨመረ፤ እሱም በ2004 ሥራ አቆመ። ከዚያ ቦታ ሁለት የነዳጅ ዘንጎች ተሰርቀው አንደኛው በ1998 ጣሊያን ውስጥ ተይዟል። የፊዚክስ ሕጉ ኪንሻሳም ቪየናም አንድ ነው። የሚለየው በር ላይ የቆመው ሰው፣ መዝገብ የሚይዘው ሰው፣ ደመወዙ በወቅቱ የሚደርሰው ሰው ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ከ«እግዜር ያውጣን» እና ከ«ከማን እናንሳለን» ይልቅ አራት ጥያቄ ይዘን እንቅረብ። ማሽኑ ሲግል በራሱ ይዳከማል ወይ? ከተዘጋ በኋላ መብራት ቢጠፋ በምን ይቀዘቅዛል? ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ይጠብቀዋል? የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት «አቁሙ» ሲል ይሰማል ወይ? ለእነዚህ ጥርት ያለ መልስ ያለው ሰው ቢደግፍም ቢቃወምም ሊደመጥ ይገባዋል። መልስ የሌለው ግን ገና ጡቡን አልነካም።

ቸር ይግጠመን።