የእጅ ስልክን እቤት መፍታት፡- የት ይጀመራል? የት ይቆማል?

አሁን አሁን ከቦርሳም፣ ከመታወቂያም፣ ከቤት ቁልፍም በላይ ሲበላሽ የሚያስደነግጠን ዕቃ የእጅ ስልካችን ነው፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮችም አገልግሎታቸውን ወደ ስልክ ካመጡት ወዲህ ገንዘባችን ያለው እዚያ ውስጥ ነው፡፡ የልጆቻችን ፎቶ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ከወዳጅ ዘመድ ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ እዚያው ነው፡፡ ይሁንና ይኸው ስልክ «ቻርጅ አልይዝም» ሲለን ወይም ስክሪኑ ሲሰነጠቅ በመጀመሪያ ያገኘነው ሱቅ እንገባና ለማናውቀው ወጣት ከነሚስጥር ቁጥሩ አስረክበን «ማታ እመለሳለሁ» ብለን እንወጣለን፡፡ በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ ስልክ መግዛት ለደመወዝተኛ ቀላል ውሳኔ መሆኑ ቀርቷል፡፡

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ፡፡ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የቤተሰቤንና የጎረቤቶቼን ስልኮች በምግብ ጠረጴዛ ላይ ስፈታና ስገጥም ቆይቻለሁ፡፡ ከዚህ ልምድ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ስልክ መፍታት ብዙዎቻችን እንደምናስበው ረቂቅ ሥራ አለመሆኑን ነው፡፡ ከባዱ መፍታቱ ሳይሆን የት ላይ ማቆም እንዳለብን ማወቁ ነው፡፡ አንባቢ ይህንን ጽሑፍ አንብቦ ካቻቪቴ ባያነሳ እንኳ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቁ ሱቅ ሲሄድ የሚከፍለውንም፣ የሚያስረክበውንም ይለውጠዋል ብዬ አምናለሁ፡፡

ድሮማ ሁላችንም እንፈታ ነበር

ሞባይል በአገራችን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ በእነዚያ የኖኪያ ዓመታት የስልክን ጀርባ በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ መክፈት፣ ባትሪውን አውጥቶ እፍ ብሎ መመለስ፣ ሲም ካርድ መቀያየር የማንም ሰው ሥራ ነበር፡፡ ስልኩ ሲወድቅ ክዳኑ፣ ባትሪውና ገላው በየፊናው ይበተናሉ፤ ሰብስቦ መግጠም ነው፡፡

በሩን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አይፎን ነው፡፡ ባትሪው በተጠቃሚው እንዳይወጣ ሆኖ ተሠራ፡፡ ሳምሰንግ እንኳ በ2014 በወጣው ጋላክሲ ኤስ5 ላይ ክዳኑን በእጅ የሚከፈት አድርጎት ቆይቶ በቀጣዩ ዓመት በኤስ6 በሙጫ አሸገው፡፡ የአምራቾቹ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፡፡ የታሸገ ስልክ ይሳሳል፤ ውኃና አቧራም ይቋቋማል፡፡ ነገር ግን ባትሪ የሚያልቅ ዕቃ ነው፡፡ የሚያልቅን ዕቃ በማያልቅ ዕቃ ውስጥ በሙጫ ማሸግ ገዢውን ቶሎ ወደ አዲስ ግዢ እንደሚገፋው ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ምሁር መሆን አያስፈልግም፡፡

ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት

ብዙው «ብልሽት» ስልኩን ሳይፈቱ የሚድን ነው፡፡ ታናሽ እህቴ ስልኳ ቻርጅ አልይዝ ሲላት አንድ ሱቅ ወስዳ «ሶኬቱ ተቃጥሏል፤ ይቀየራል» ተባለች፡፡ ዋጋው ስላስደነገጣት «እስቲ አንተ እየው» ብላ አመጣችልኝ፡፡ ስልኩን አጥፍቼ በመብራት ስመለከተው የቻርጀሩ ቀዳዳ በኪስ ብናኝ ተጠቅጥቋል፡፡ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ እያልኩ ሳወጣው እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር ወጣ፤ ቻርጀሩም ገጭ ብሎ ገባ፡፡ እዚህ ላይ መርፌ ወይም ሌላ ብረት መጠቀም አይገባም፤ በቀዳዳው መካከል ያለችው ቀጭን ምላስ ላይ የተደረደሩትን የመዳብ መስመሮች ይጎዳልና፡፡

ሁለተኛው ምርመራ የባትሪ ነው፡፡ 30 በመቶ እያሳየ በድንገት የሚጠፋ፣ በብርድ ጊዜ የሚብስበት፣ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ግን ደህና የሚሠራ ስልክ በአብዛኛው በሽታው ባትሪ ነው፡፡ አፕል እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ 80 በመቶ የሚሆን አቅማቸውን እንዲይዙ መሠራታቸውን ይገልጻል፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ ቁጥሩ 1000 ሆኗል፡፡ አንድ ዙር ማለት አንድ ጊዜ መሰካት ማለት አይደለም፡፡ ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን ብንሞላ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዙር ናቸው፡፡ በየቀኑ አንድ ዙር የሚጨርስ ሰው 500ውን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያገኘዋል ማለት ነው፡፡

ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ፎቶና ሰነድ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ አለበት፡፡ ይህ ያልተደረገለት ስልክ አይፈታም፡፡

መሣሪያና ቅደም ተከተል

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፡፡ የትናንሽ ካቻቪቴዎች ስብስብ፣ ወረንጦ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ስስ የፕላስቲክ መክፈቻ (ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድም ይሆናል)፣ ባለሁለት ገጽ ማጣበቂያና አንድ ነጭ ወረቀት፡፡ አይፎን ባለ አምስት ቅጠል ጭንቅላት ያለው የራሱ ብሎን ስላለው ለእሱ የሚሆን ካቻቪቴ መግዛት ግድ ነው፡፡

በመጀመሪያ ስልኩን ከ25 በመቶ በታች እስኪወርድ ተጠቅሞ ማጥፋት ይገባል፤ በጉልበት የተሞላ ባትሪ ሲጎዳ የሚያደርሰው እሳት የከፋ ነው፡፡ የሲም ማስቀመጫው ይወጣል፡፡ ከዚያ ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ ለመንካት ትንሽ እስኪከብድ ድረስ ማሞቅ፤ ሙጫው ሲለሰልስ ካርዱን አስገብቶ በዙሪያው ማንሸራተት ነው፡፡ አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ከጀርባ፣ የቀድሞዎቹ አይፎኖች ግን ከስክሪኑ በኩል ይከፈታሉ፡፡ ክዳኑ ሲነሳ ግንጥል ማድረግ አይገባም፡፡ የጣት አሻራ ማንበቢያው ጀርባ ላይ የሆነ ስልክ ክዳኑ በቀጭን ፍሌክስ ከውስጥ ጋር ሊያያዝ ይችላል፡፡ አይፎንም እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ እንጂ እንደ ድስት ክዳን የሚነሳ አይደለም፡፡

ነጩ ወረቀት እዚህ ላይ ይመጣል፡፡ የስልኩን ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ስሎ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ማስቀመጥ ነው፡፡ ነገሩ የጽዳት ጉዳይ አይደለም፡፡ ብሎኖቹ በርዝመት የሚለያዩት በሚሊሜትር ክፍልፋይ ሲሆን ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥር ያለውን ቦርድ ወግቶ ስልኩን ሊገድለው ይችላል፡፡ ክዳኑ እንደተከፈተ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ሶኬት በፕላስቲክ ማላቀቅ ነው፡፡ ባትሪው ሳይነቀል ሌላ ፍሌክስ አይነካም፡፡ አዲሱ ዕቃ ከገባ በኋላም ከማሸግ በፊት አብርቶ ስክሪኑን፣ ካሜራውን፣ ድምፁንና ቻርጁን መሞከር ያስፈልጋል፡፡ አንዴ የተከፈተ ስልክ የውኃ መከላከያው እንደ ፋብሪካው እንደማይሆንም ማወቅ ይገባል፡፡

ባትሪ ቀልድ አያውቅም

በስልክ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሰውን ሊጎዳ የሚችለው በዋናነት ባትሪው ነው፡፡ በውስጡ ሁለት ተቃራኒ ንብርብሮች ከወረቀት በሳሳ መለያያ ተነጣጥለው ተጠቅልለዋል፡፡ መለያያው ከተበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ባትሪው በራሱ ሙቀት እየተቀጣጠለ መርዛማ ጭስ ይተፋል፡፡ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7ን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር፡፡ ኩባንያው በጥር 2017 ይፋ ባደረገው ምርመራ ከጥፋቶቹ አንዱ የባትሪው ጥግ አካባቢ መታጠፍ ነበር፡፡ በፋብሪካ የተፈጠረ መታጠፍ ይህን ካደረሰ፣ ካቻቪቴ ከሥሩ ከትቶ ባትሪን መፈንቀል ምን ሊያመጣ እንደሚችል አንባቢ ይገምት፡፡

ስለዚህ በብረት መፈንቀል የለም፤ ማጠፍ የለም፤ ባትሪው ካለበት ላይ በቀጥታ ሙቀት ማብዛት የለም፡፡ አጠገብ አንድ ጣሳ አሸዋ ማስቀመጥ ዋጋ አያስወጣም፡፡ ጭስ ከታየ ስልኩን በእጅ ሳያነሱ አሸዋውን መድፋትና ክፍሉን ለቆ መውጣት ነው፡፡ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ያነሳው ስልክ ደግሞ ቻርጅ ሳይደረግ፣ ሳይጫን ወደ ባለሙያ ይሄዳል፡፡ የምግብ ጠረጴዛችን አንደኛው ድንበር ይኸ ነው፡፡

ሩዙን ለድስቱ እንተወው

ውኃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር በየቤቱ የታወቀ «መድኃኒት» ነው፡፡ አፕል ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ደንበኞቹ ይህንን እንዳያደርጉ መክሯል፤ የሩዝ ብናኝ ራሱ ስልኩን ሊጎዳ ይችላልና፡፡ ሩዝ ከውስጥ የገባውን ውኃ ስቦ አያወጣም፡፡ ስልክን የሚገድለው ደግሞ ውኃው ብቻ ሳይሆን ውኃው የያዘው ማዕድንና ጨው ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ዝገት ነው፡፡ ቡናና ለስላሳ መጠጥ ከሆነ ይብሳል፡፡ ትክክለኛው እርምጃ ወዲያው ማጥፋት፣ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ አለማብራት፣ ቻርጀር አለመሰካት ነው፡፡ ከዚያ ቶሎ ተከፍቶ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ዝገት የጀመረው ቦታ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፡፡

እጅ የሚሰበሰብበት ቦታ

ሁለተኛው ድንበር ቦርዱ ነው፡፡ በዚያ ላይ የተበየዱት አንዳንድ ዕቃዎች ርዝመታቸው 0.4 ሚሊሜትር፣ ወርዳቸው 0.2 ሚሊሜትር ነው፡፡ ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ ዓመታት ልምድ የሚነካ አይደለም፡፡

እዚህ ላይ የወዳጄን ታሪክ ላንሳ፡፡ እናቱ ከማረፋቸው በፊት የላኩለት የድምፅ መልእክቶች በስልኩ ውስጥ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አልተገለበጡም፡፡ ስልኩ ሲሞት አንድ ሱቅ ወሰደው፡፡ ጠጋኙ «ቦርዱ ሄዷል ጋሼ፤ ግን ሜሞሪውን ነቅለን ሌላ ስልክ ላይ እንገጥምልሃለን» አለው፡፡ ቀብድ ሊከፍል ሲል ደወለልኝ፤ እንዳይከፍል ነገርኩት፡፡ በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ስልኮች ሜሞሪው ላይ ያለው ሁሉ የተመሠጠረ ሲሆን መክፈቻው ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር የተሳሰረ ነው፡፡ ሜሞሪውን ብቻ ነቅሎ ማንበብ አይቻልም፡፡ ያለው መንገድ ያንኑ ቦርድ በጥቂቱም ቢሆን ነፍስ ዘርቶበት ማብራት ነው፡፡ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሌላ ባለሙያ ዘንድ አብረን ሄድን፡፡ ቦርዱ ለጥቂት ሰዓታት በራ፤ ድምፆቹም ተገለበጡ፡፡ ስልኩ ከዚያ በኋላ አልተነሳም፤ ወዳጄም አልጠየቀም፡፡

ሱቅ ሲሄዱ

በጥገና የሚተዳደሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ብልህና ታታሪ ናቸው፤ እኔም ብዙውን የተማርኩት ከእነርሱ ትከሻ ሥር ቆሜ በማየት ነው፡፡ ይህ ማለት ግን ሚስጥር ቁጥር ይሰጣል ማለት አይደለም፡፡ ሳምሰንግ ከ2022 ጀምሮ በብዙ ስልኮቹ ላይ «ሜንቴናንስ ሞድ» የሚባል ነገር አስገብቷል፡፡ ከሴቲንግ ውስጥ ሲከፈት ጠጋኙ ስክሪኑንና ካሜራውን መሞከር ይችላል፤ ፎቶዎን፣ መልእክትዎንና የባንክ መተግበሪያዎን ግን አያይም፡፡ ይህ ከሌለ ፋይልን ገልብጦ ስልኩን አጽድቶ መስጠት፣ ወይም ቁጭ ብሎ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፡፡ ሲም ካርዱን ማውጣትም አይዘንጋ፡፡ የሚገጠመው ስክሪን ኦሪጅናል ነው ኮፒ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ «አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም፡፡

ሌላ ማወቅ የሚገባን ነገር አለ፡፡ አንዳንዴ ጠጋኙ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፡፡ አንዳንድ አምራቾች ዕቃዎቹን በሶፍትዌር ከስልኩ ጋር ያቆራኛሉ፡፡ በ2016 የጣት አሻራ ቁልፋቸው በሌላ ሱቅ የተቀየረላቸው አይፎኖች ሶፍትዌር ሲታደስ «ስህተት 53» ብለው ደርቀው ቀርተው፣ አፕል ይቅርታ ጠይቆ ማስተካከያ አውጥቷል፡፡ በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ጥገናን የሚያግድ ቁርኝትን የሚከለክል ሕግ በ2024 አጽድቃለች፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች ባትሪያቸው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅም እንዲይዝ፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎችም የስልኩ ሽያጭ ካበቃ በኋላ ለሰባት ዓመት እንዲገኙ አስገድዷል፡፡

እነዚህ ሕጎች ለእኛ አልወጡም፡፡ ሆኖም ስልክ በሚመርጡበት ጊዜ ስለ ካሜራው ከመጠየቅዎ በፊት «ባትሪው በቀላሉ ይቀየራል? መለዋወጫው መርካቶ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ሕግ አይፈልግም፡፡ በእኔ እምነት መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው፡፡ ካቻቪቴው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፡፡ ዛሬ ማታ ግን ሌላው ሁሉ ቢቀር ፎቶዎን ይገልብጡ፡፡