ውኃ ተጭኖ ቆሼ ይሄዳል

ካዛንቺስ ካሉት ምግብ ቤቶች የአንዱን የቀን ቆሻሻ ዘርግፎ ያየ ሰው የሚበዛበት የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጥቅል ጎመን ቅጠል፣ የተጨማለቀ ቲማቲም፣ ከነወጡ የተመለሰ እንጀራና የቡና አተላ ነው። ጁስ ቤት ከሆነ የአቮካዶና የማንጎ ልጣጭ ከነፍሬው ይጨመርበታል። የመኖሪያ ቤቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የሚበሰብሰው ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ነው። ጥቅል ጎመን 92 በመቶው፣ ቲማቲም 94 በመቶው፣ ድንች ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው። እንግዲህ ካዛንቺስ ካለበት ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ አንድ ቶን የወጥ ቤት ትራፊ ጭኖ የሚነሳ መኪና ከ700 እስከ 800 ሊትር ውኃ ይዞ ከተማውን ያቋርጣል ማለት ነው።

መድረሻው ረጲ ነው፤ ሰው ቆሼ የሚለው። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ረጲ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ተቋም ተመረቀ። ነገር ግን የጎመን ቅጠል ማንደድ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከማንደድ የተለየ አይደለም። አንድ ኪሎ ውኃ ከቀዝቃዛነቱ ተነስቶ ተንኖ እስኪያልቅ 2.6 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይበላል። 80 በመቶው ውኃ የሆነ አንድ ኪሎ ልጣጭ ሲቃጠል፣ ደረቁ ክፍል 3.4 ሜጋጁል ገደማ ቢሰጥ 2.1 የሚሆነው የራሱን ውኃ ለማትነን ያልቃል። ለተርባይኑ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ምድጃው የሚፈልገው ካርቶን፣ ጨርቅና እንጨት ነው፤ ልጣጩ ከነሱ ጋር ተደባልቆ ሲገባ የነሱንም ሙቀት ይቀማል።

ካልተቃጠለና ከተቀበረስ? ክምር ውስጥ አየር የለም። አየር በሌለበት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ልጣጩን ወደ ሚቴን ይለውጡታል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ከአደጋው በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በጃፓኗ ፉኩዎካ ከተማ የተሰየመውን ዘዴ ረጲ ላይ ሥራ ላይ አውሏል። ዘዴው በክምሩ ሥርና ውስጥ ቧንቧ ዘርግቶ ፈሳሹን ማስወጣት፣ አየር ማስገባት ነው። ኮምፖስትም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ አየሩ የሚገባው ቆሻሻው ተራራ ከመሆኑ በፊት መሆኑ ነው።

አየር የሚወዱት ባክቴሪያዎች ካርቦኑን ለጉልበት፣ ናይትሮጂኑን ለአካላቸው ግንባታ ይጠቀሙበታል። የሚስማማቸው ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲደርስ ነው። የወጥ ቤት ትራፊ ብቻውን ወደ 15 ወይም 20 ዝቅ ይላል። ናይትሮጂኑ ሲተርፍ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል፤ ጎረቤት የሚያማርረው ሽታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። በረካው ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ሥር የሚቀረው አተላ መልኩ ቢጠቁርም፣ በናይትሮጂኑ የሚመደበው ከእርጥቡ ወገን ነው። የሚጎድለው ካርቦን የሚበዛበት ደረቁ ነው፤ እሱ ደግሞ ቂርቆስ ውስጥ ሞልቷል፦ የእንጨት ቤቶች ሳጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የመንገድ ዳር ዛፍ ቅጠል፣ ከበዓል ማግስት የሚጠረገው የደረቀ ቄጤማ። ሳጋቱራው ካርቦኑ ከ200 እጅ ስለሚበልጥ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይቱ ባክቴሪያዎቹን ስለሚያዳክም በብዛት ባይገባ ይሻላል።

እርጥበቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከክምሩ መሃል አንድ እፍኝ አውጥቶ አጥብቆ መጭመቅ ነው። በጣት መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ሳጋቱራ ይጨመር፤ ተበትኖ ከፈረሰ ውኃ ይረጭበት። ሙቀቱን ደግሞ የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው በዱላ ያስተምሩታል። ክምሩ መሃል ረጅም ዱላ ተሰክቶ ይተዋል፤ በሳምንቱ ተስቦ ሲወጣ እጅ ላይ የሚፋጅ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ጥሩ ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ 55 ላይ ቀናት ከቆየ አብዛኛው ተውሳክና የአረም ዘር ይሞታል።

እዚህ ላይ ከፍታችን ዋጋ ያስከፍለናል። አዲስ አበባ መሃል ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ያንሳል፤ ባክቴሪያውም በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ ክምሩን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ይገባል። የሌሊቱ ብርድም አለ፤ ቁመቱም ጎኑም አንድ አንድ ሜትር ያልሞላ ክምር ያመነጨውን ሙቀት ይዞ ማደር አይችልም። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያለ ባልዲ መቼም አይግልም፤ እዚያ የሚሻለው ቀዩ የኮምፖስት ትል ነው። ክረምት ላይ ክዳን ካልተደረገለት ደግሞ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ አየሩን አስወጥቶ ክምሩን ትንሽ ቆሼ ያደርገዋል።

ለኢትዮጵያ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ጥቂት መንደሮች በጀመሩት ሥራ፣ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጥፍ ገደማ ምርት እንደሚሰጥና ብዙ ጊዜም የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው እንደሚበልጥ በሰብል ሚዛን አሳይተዋል። በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ባሕር ዳርና መቀሌን ጨምሮ በ6 ከተሞች የከተማ ቆሻሻን ኮምፖስት የማድረግ ፕሮጀክት ተካሂዷል። ነገር ግን የገበሬው ጉድጓድ ውስጥ ባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ አምፖልና ፌስታል አይገባም። የከተማው ከረጢት ውስጥ ሁሉም አለ፤ አንዴ ከተደባለቀ ደግሞ የባትሪውን ብረት ከልጣጩ የሚለይ ወንፊት የለም።

ቤተሰብ ቆሻሻውን እንዲለይ ሕጉ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 513 ተጽፏል። ያልተከበረው በስንፍና አይመስለኝም። ሃይላንዱንና ካርቶኑን ማንም ሳያዘው ቆራሌውና የጽዳት ማኅበራቱ ልጆች ይለዩታል፤ ገዢ አለዋ! ልጣጭ የሚገዛ የለም። ለማኅበራቱ ለዓመታት የተከፈለው ደግሞ በሜትር ኪዩብ ስለነበር፣ ለይቶ ያመጣም ደባልቆ ያመጣም እኩል ነበር። ለተለየ ልጣጭ የተለየ ዋጋ እስካልተቆረጠ ድረስ ሁለት ባልዲ ማደል የትም አያደርስም።

በእኔ እምነት ቂርቆስ መጀመር ያለበት ከየቤቱ ሳይሆን ከሆቴሎቹ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል የሚያወጣው ልጣጭ ከብዙ አባወራ የሚሰበሰበውን ያህላል፤ የሚቆርጡት እጆች ጥቂት ስለሆኑም ማሠልጠን ይቀላል። ኮምፖስቱን የሚወስድ ቦታም ቅርብ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ግቢዎች በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ፣ ልጣጩን የሚበሉ በጎችና ዶሮዎችም አብረው ሄዱ፤ በምትኩ የመጡት ሣርና አበባ ግን አፈር የሚራቡ ናቸው።

ብስባሹ ለአበባው ከመሰጠቱ በፊት መድረሱን የሚመሰክረው ፌጦ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ቤተ ሙከራዎችም ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት እሱኑ ነው፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ለአሞኒያና ለአሲድ ደግሞ አንጀት የለውም። ጥቂት ብስባሽ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጥለል፣ አንድ ሶፍት በዚያ ውኃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውኃ አርሶ ሁለቱም ላይ እኩል ፌጦ መበተን ነው። በ3ኛው ቀን የሁለቱ ሥር እኩል ከረዘመ ብስባሹ ደርሷል። የመጀመሪያው አጥሮ ጫፉ ከጠቆረ ሌላ 3 ሳምንት ይቆይ።