«100,000 ሉመን» እና የጀውሃ ድፍርስ ውሃ

ባለፈው ክረምት ሸዋ ሮቢት ለሥራ ሄጄ በዚያው ጀውሃ አጎቴ ቤት አደርኩ። የቆላው ሙቀት ማታም አይለቅም፤ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ጋደም ብለናል። የአጎቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። «እስኪ ይቺን እያት!» ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ሚጢጢ ሰርጓጅ መርከብ ናት፤ ጨለማው ባሕር ውስጥ መብራቷን ቦግ አድርጋለች። እሱም አዲሱን የእጅ ባትሪውን ከነካርቶኑ አመጣ። ካርቶኑ ምን ይላል መሰላችሁ? «100,000 ሉመን፤ ውሃ የማያስገባ»።

«ወላሂ፣ ይሄ ከሷ አይተናነስም!» አለኝ።

ብስቅ ደስ ባለኝ። ግን ባትሪውን የገዛው ለጨዋታ አልነበረም። የማሾ ማሳቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሲመሽበት ጀውሃን በእግሩ ነው የሚሻገረው። «ከእንግዲህ ጥልቀቱን እያየሁ እሻገራለሁ» ሲለኝ እንቅልፌ ጠፋ።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሉመን ማለት አንድ መብራት በየአቅጣጫው የሚለቀው ብርሃን ድምር ነው። ጥሩ ኤልኢዲ በ1 ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ገደማ ይሰጣል። 150ውን እንኳን ብንይዝለት፣ ለ100,000 ሉመን ከ650 ዋት በላይ ያስፈልጋል። ውስጡ ያለው ድንጋይ ደግሞ 18650 የሚባለው፣ ባለ 3.7 ቮልቱ ነው። ጥሩው የሚይዘው 13 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ካርቶኑ እውነት ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ እጅም ይጠብስ ነበር። የሱ ባትሪ ግን ሰዓታት ይቆያል። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ።

በወሬ አላመነኝም፤ ስለዚህ ለካነው። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ከፊት ካሜራው አጠገብ የብርሃን መለኪያ አላቸው፤ ነፃ አፕ አውርዳችሁ በሉክስ ታነባላችሁ። (አይፎን ላይ አፖቹ በካሜራው ነው የሚገምቱት።) ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ልክ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ስታወዳድሩ ስልኩም፣ ክፍሉም፣ ርቀቱም አንድ ይሁን። እኛ ክፍሉን አጨልመን ባትሪውን ወደ ጣሪያው አዞርን፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛን፣ አነበብን። ቀጥለን የቤቱን ባለ 9 ዋት አምፖል አበራን። ያ «መቶ ሺሕ» የተባለው አምፖሉን እንኳን አላከለም። እንዲህ ዓይነቱ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 800 ሉመን ገደማ ነው።

«እሺ፣ እውነተኛው ጠንካራ ባትሪ ቢገኝስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠዋት ሁለት ባዶ ሃይላንድ አመጣን፤ አንዱን የቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን የወንዙን ውሃ ሞላን። ማታ ባትሪውን ከኋላቸው አበራን። በንጹሑ ውሃ በኩል ብርሃኑ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። የወንዙ ውሃ የያዘው ግን ራሱ እንደ ፋኖስ ቦግ አለ፤ ግድግዳው ጨለማ ሆኖ ቀረ። ደለሉ ብርሃኑን እየበተነ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሹፌር ያውቀዋል፤ መብራት በጨመርክ ቁጥር ፊትህ ያለው ነጭ ግድግዳ ይደምቃል እንጂ መንገዱ አይታይም።

የሰርጓጅ መርከብ ሠሪዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ጀምስ ካሜሮን መጋቢት 17 ቀን 2004 ዓ.ም. ብቻውን ወደ ማሪያና ስምጥ፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሲወርድ፣ መርከቡ ላይ 2 ሜትር ከግማሽ ገደማ ቁመት ያለው የኤልኢዲ መብራት ነበር። ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ስለማይደርስ ያስፈልገዋል። ግን ጥልቅ ባሕር ጥሩ ነው፤ የክረምት ጀውሃን ያህል ጭቃ አልተሸከመም። እንዲያም ሆኖ መብራቶቹን ከመስኮቱና ከካሜራው ራቅ አድርገው ይተክላሉ፤ የተበተነው ብርሃን ተመልሶ ዓይን እንዳይሸፍን።

የኛ ወንዝ ግን ከደጋው አፈሩን ጠርጎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ነው። እዚያ ላይ ባትሪ የሚያሳያችሁ የውሃውን ፊት ብቻ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈጣን ጎርፍ ደግሞ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል። ያንን የሚያሳይ ሉመን የለም።

አጎቴ ከዳር ሆኖ ሲሰማን ቆይቶ ነው የተናገረው። «ጋሼ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ያለ ባትሪ እንዴት ነበር የሚሻገሩት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማን ይሻገራል? ደጋው ከጠቆረ፣ ወንዙ ከጮኸ፣ ማዶ ነበር የማድረው።»

የአጎቴ ልጅ ባትሪውን አልጣለውም። ሲመሽበት በአስፋልቱ ድልድይ ዞሮ ይመጣል፤ ለመንገዱ ያበራበታል። ለዚያ አምፖሉን የማያክለው ባትሪም ይበቃል።